ለሽጉጥ አያያዝ መምህራችን ምስጋና፣ ባለ ሴፍቲ ይሻላል ወይስ ሴፍቲ የሌለው ብላችሁ ለምታመነቱ ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይም እንደ እኛ ሱቅ ከፍታችሁ እስከ ምሽት ለምትሠሩ ወገኖቼ ነው። ባለቤቴና እኔ ሽጉጥ ይዞ የመንቀሳቀስ ፈቃድ ለማውጣት ስንወስን በአማርኛ ያሠለጠኑንን ጋሼን በአደባባይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ ስላልወደዱ መምህራችን እያልኩ እቀጥላለሁ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሽጉጥ ይዞ ስለመንቀሳቀስ መብት በቀረበለት፣ ብሩን በሚባለው ጉዳይ በ2022 ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ሜሪላንድ ከፈቃድ ጠያቂዎች ልዩ ምክንያት መጠየቋን ስላቆመች፣ በማኅበረሰባችንም ፈቃድ ለማውጣት የሚያስብ ሰው በዙሪያዬ እየበዛ መጥቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው በስቴቱ ፖሊስ እውቅና ከተሰጠው አሠልጣኝ ዘንድ የ16 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት። መምህራችን ይህ እውቅና አላቸው። የማመሰግናቸው ግን በእውቅናው ሳይሆን፣ ብዙ ሰው የሚጨቃጨቅበትን አንድ ጥያቄ በትዕግሥት ስላስረዱን ነው፤ ጥያቄውም በልብስ ሥር የሚያዝ ትንሽ ሽጉጥ በአውራ ጣት የሚከፈትና የሚዘጋ ሴፍቲ፣ ማለትም ሲዘጋ ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚያግድ ትንሽ መቆለፊያ፣ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚል ነበር።

መሣሪያ የሚሸጡ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ አላቸው። አንዱ ሴፍቲ የሌለው ሽጉጥ አደገኛ ነው ይላል፤ ሌላው ሴፍቲ በጭንቅ ሰዓት ያስገድላል ይላል። መምህራችን ከሁለቱም ወገን አልቆሙም፤ ይልቁንም ጥይት አለመጉረሳቸውን በፊታችን ደጋግመው ያረጋገጧቸውን ሽጉጦች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የእያንዳንዱን አሠራር በእጃችን አስነኩን።

መጀመሪያ ያሳዩን ግሎክ የተባለውን ሽጉጥ ነበር። ግሎክ በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ የለውም፤ ሆኖም በውስጡ ሦስት መከላከያዎች አሉት፤ አንዱ ቃታው ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ናት፣ ሌላው ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ያግዳል፣ ሦስተኛው ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ ይጠብቃል። መምህራችን አጥብቀው ያስገነዘቡን ነገር ቢኖር እነዚህ ሁሉ የሚጠብቁን ከመውደቅና ከመናወጥ እንጂ ቃታውን ከሳበ ነገር አለመሆኑን ነው፤ ጣትም ይሁን ወደ ማህደሩ (ሽጉጡ ወገብ ላይ ወደሚያዝበት ማቀፊያ) የገባ የሸሚዝ ጫፍ፣ ቃታው እስከ መጨረሻው ከተሳበ ሽጉጡ ይተኩሳል። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ሴፍቲ የሚለውን ቃል ስሰማ ሁሉንም አደጋ የሚያስቀር ይመስለኝ ነበርና፣ ይህ ማብራሪያ ብቻ ለሥልጠናው የከፈልነውን ዋጋ ያወጣል ብዬ አምናለሁ።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ በአንድ ሐሳብ አልጸኑም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ የተባለውን ቀጭን ሽጉጥ በ2012 ሲያወጣ ከነሴፍቲው ነበር፤ ቆይቶ ሴፍቲ የሌለውንም መሸጥ ጀመረ። ሲግ ሳወር በተቃራኒው ፒ365ን በ2018 ያለ ሴፍቲ አውጥቶ ኋላ ላይ ባለ ሴፍቲውን ጨመረ። የአሜሪካ ጦር በ2017 የመረጠው ሽጉጥ ደግሞ በአውራ ጣት የሚሠራ ሴፍቲ ያለው ነው።

ሴፍቲን የሚቃወሙ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። በትንሽ ሽጉጥ ላይ የምትገጠመው ሴፍቲ እሷም ትንሽ ናት፤ ልብ ሲመታና እጅ ሲያልበው አውራ ጣት ሊስታት ይችላል። የሚደግፏት ደግሞ አዘውትሮ አደጋ የሚደርሰው ሽጉጥ ሲመዘዝ ሳይሆን ወደ ማህደሩ ሲመለስ ነው ይላሉ፤ በዚያች ቅጽበት ሴፍቲው ተዘግቶ ከሆነ ቃታውን አንድ ነገር ቢነካው እንኳ ጥይት አይባርቅም። በትግል መካከል ሽጉጡን የነጠቀ ሰውም የሴፍቲውን ቦታ እስኪያገኝ ጥቂት ጊዜ ያልፍበታል። በሺልድና በፒ365 ላይ ሴፍቲው እንደተዘጋ ስላይዱን፣ ማለትም የሽጉጡን ተንሸራታች የላይኛ ክፍል፣ ስቦ ጥይቱን ማውጣት ይቻላል፤ ማታ ከሥራ ገብቶ ሽጉጡን ባዶ ለሚያደርግ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። 1911 በሚባለው የሽጉጥ ዓይነት ላይ ግን ሴፍቲው ስላይዱንም ስለሚቆልፍ ይህ አይቻልም።

መምህራችን ከዚህ በኋላ ስለ እኛ ጠየቁን። በወገባችሁ ነው ወይስ በቦርሳ የምትይዙት፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ ወይ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ልምምድ ትሠራላችሁ፣ ሁለታችሁም አንድ ሽጉጥ ትነካላችሁ ወይ አሉን። ባለቤቴ ግራኝ ነው። የሺልድ ሴፍቲ በግራ ጎኑ ብቻ ስለሆነ የቀኝ እጅ አውራ ጣት በቀላሉ ሲደርስበት የእሱ አውራ ጣት ግን አልደረሰበትም፤ ባለ ሴፍቲው ፒ365 በሁለቱም ጎን ስላለው ለሁለታችንም ሆነ። በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት አሠራር ያላቸው ሽጉጦች እንዳይኖሩ ያስጠነቀቁንም በዚሁ ጊዜ ነው። ለማስረጃ ቤሬታ 92 የሚባለውን ሽጉጥ ሴፍቲ አሳዩን፤ የእሱ ለመተኮስ ወደ ላይ ሲገፋ የእኛው ወደ ታች ነው፤ እጅ አንዱን ከለመደ በኋላ ሌላውን ቢያነሣ በድንጋጤ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይገፋል።

የራሴን አስተያየት ልግለጽ። ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ባለ ሴፍቲውን ቢመርጥ ይሻላል እላለሁ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መምዘዝ ሴፍቲውን ወደ ታች መግፋት ያለ ሐሳብ የሚመጣ ልማድ እስኪሆን ድረስ በባዶ ሽጉጥና በማይተኩስ የልምምድ ጥይት ለመደጋገም ፈቃደኛ ከሆነ ነው። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ሴፍቲ የሌለውን፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር ውስጥ ቢይዝ የበለጠ ይጠበቃል። ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር ሽጉጥ ስለሚያስቀምጡ እህቶቼ ግን ከልቤ እሰጋለሁ፤ ለሽጉጡ የተለየ ክፍልና ማህደር ከሌለ የትኛውም ሴፍቲ አይበቃም። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ የሚቆለፍ ሣጥን የግድ ነው፤ ጥይት የጎረሰ መሣሪያን ልጅ ሊያገኘው በሚችል ቦታ መተው በሜሪላንድ ሕግ ያስጠይቃል።

መምህራችን መሣሪያ አይሸጡም፤ የየትኛውንም ሱቅ ስም ጠርተው ወደዚያ ሂዱ አላሉንም። ባለቤቴ የማይመቸውን ሽጉጥ ሊገዛ ሲል «ልጄ፣ እጅህ እምቢ ያለውን አትግዛ» ብለው አስቀሩት። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ሕጉን በአማርኛ ጠይቀው እስኪረዱ ድረስ ይደጋግሙላቸዋል፤ ያልተዘጋጀ መስሎ የታያቸውን ሠልጣኝ ደግሞ በተኩስ ሜዳ ላይ ጥይት አያስጎርሱትም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሥልጠናውን የምትፈልጉ በግል መልእክት ጻፉልኝና ከእርሳቸው ጋር አገናኛችኋለሁ። ሽጉጥ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ፤ ክፍል ውስጥ ያሉትን ሽጉጦች በእጃችሁ እያስነኩ የሚስማማችሁን ያሳዩአችኋል።