ያገለገለ የጠፈር ጦርነት ጨዋታ ስትገዙ፦ ባትልቴክ፣ ኤክስ ዊንግ ወይስ ዋርሀመር 40,000?

ሰሜን ሸዋ ሆኖ ያገለገለ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ የጎደለው ዕቃ በምን ይተካል? ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእነዚህ ጨዋታዎች መለዋወጫ ግን በአብዛኛው ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣ ነው። ሦስቱን የመዘንናቸው በዚህ ነው።

ለጀማሪ ባትልቴክን እናስቀድማለን። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የግዙፍ ሮቦቶች ውጊያ ጨዋታ ሲሆን መሠረታዊ ሕጉ ብዙም ስላልተለወጠ አሮጌ ሳጥን ዛሬም ያጫውታል። የሚፈልገው ሁለት ተራ ዳይስ፣ ባለስድስት ማዕዘን ክፍሎች ያሉት ካርታ እና ለእያንዳንዱ ሮቦት አንድ መመዝገቢያ ወረቀት ነው። የተመታ ትጥቅ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይጠቁራል። አንድ ንጹህ ቅጂ ካለ የቀረውን ፎቶ ኮፒ ቤት ያወጣዋል። ሞዴል ቢጎድል የለስላሳ ቆርኪ ይተካዋል፤ ፊቱ ወዴት እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት ግን ሣሉበት። የሮቦት የጀርባ ትጥቅ ስስ ስለሆነ አቅጣጫው ካልታወቀ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። በ2019 የወጣው ዋና ሳጥን 8 ሮቦቶች ስላሉት 4 ለ4 ለመጋጠም ይበቃል። ጉድለቱ አዝጋሚነቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ግጥሚያ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ኤክስ ዊንግ የስታር ዋርስ ፊልም ተዋጊ የጠፈር መርከቦች ፍልሚያ ነው። ፈጣን ነው፤ መርከቦቹም ተቀብተው ስለሚመጡ ሙጫና ቀለም አያስፈልግም። ችግሩ ካርቶኑ ላይ ነው። እያንዳንዱ መርከብ የራሱ የእንቅስቃሴ ዲስክ (ተጫዋቹ ቀጣይ እንቅስቃሴውን በድብቅ የሚመርጥበት)፣ የአብራሪ ካርድ፣ ማቆሚያና ዘንግ አለው። ዲስኩ የሌለው መርከብ ለጌጥ ካልሆነ አይጠቅምም። የ2012ቱና የ2018ቱ እትም ዲስክና ካርድ አብረው አይሠሩም፤ ሻጩ የደባለቀውን አትቀበሉ። አዲስ ምርት እንደሚቆም በ2024 ስለተነገረ የጎደለ ካርቶን ማግኘት እየከበደ ይሄዳል። የመንቀሳቀሻ መለኪያዎቹን ቁጠሩ፤ 11 መሆን አለባቸው፦ ቀጥታ 5፣ ለስላሳ መታጠፊያ 3፣ ጠባብ መታጠፊያ 3። ከመርከቡ ሆድ ሥር ያለውን ቀዳዳም በባትሪ ብርሃን እዩ፤ የተሰበረ የዘንግ ጫፍ ውስጡ ቀርቶ ይሆናል። ዳይሱ ቢጠፋ አትደንግጡ። ቀዩ ባለ8 ገጽ ዳይስ 3 ምት፣ 1 ከባድ ምት፣ 2 ትኩረት፣ 2 ባዶ ነው፤ 8 ወረቀት ጽፎ እየጠቀለሉ ዕጣ ማውጣት ይቻላል፣ ከእያንዳንዱ ዕጣ በኋላ ወረቀቱን መልሱት እንጂ። የመጫወቻው ስፋት 91 በ91 ሴንቲ ሜትር ነው። የመንዝ ባና ግን አታንጥፉበት፤ ጸጉሩ መርከቡን ያዘነብለዋል፣ መለኪያውም አያርፍም። ሳስ ያለና የተወጠረ ጨርቅ ይሻላል።

ዋርሀመር 40,000 ከሦስቱ በጣም የሚያምረውና በጣም የሚያከስረው ነው። የሕግ እትሙ በ2014፣ በ2017፣ በ2020 እና በ2023 ተቀይሯል፤ ስለዚህ ለአሮጌ መጽሐፍ ገንዘብ አትጨምሩ፣ የምትገዙት ሞዴሉን ነው። ከተለያየ ሠራዊት የተለቃቀመ 60 ሞዴል ከአንድ ሠራዊት ከሆነ 20 አይበልጥም፣ ለጨዋታ አይደራጅምና። ለትንሹ ግጥሚያ 112 በ76 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ይበቃል።

የዋርሀመር ሞዴል ባለቤቱ ራሱ አጣብቆ የሚቀባው ስለሆነ እዚህ ዋናው ምርመራ ሙጫው ነው። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ነጭ ብናኝ ካለ ሱፐር ግሉ ነው፤ ሞዴሉን ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆይቶ በቀስታ ማላቀቅ ይቻላል። መስመሩ ጠፍቶ ፕላስቲኩ አንድ ከሆነ ግን በፕላስቲክ ሙጫ ቀልጦ የተዋሐደ ነው፤ በመጋዝ እንጂ አይለይም። ቀለሙ የራስ ቁሩን ቀዳዳዎች ከደፈነ መታጠብ ስላለበት ዋጋ አስቀንሱ። ለማጠብ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል። መጀመሪያ በአንድ ሞዴል ሞክሩ። አሴቶን ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጥ አታስጠጉት። የድሮ የብረት ሞዴል ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አትሞርዱት፣ ለሕፃንም አትስጡ።

በደብረ ብርሃን ብርድ አልኮሉን ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ ማስገባት አደጋ ነው፤ ትነቱ እሳት ይይዛል። መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ከሰሉን አውጥታችሁ ሥሩ።