ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ430 በደብረ ብርሃን፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት የሠራሁበት

ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለሂሳብ ሥራ ላፕቶፕ የምትፈልጉ፣ ግን አዲሱ ከአቅም በላይ የሆነባችሁ ካላችሁ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430ን አፌን ሞልቼ እመክራለሁ። የምመክረው ግን ከገበያ እንደመጣ ስለሚሠራበት ማሽን አይደለም። ተከፍቶ የጸዳ፣ ሀርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ማከማቻ) የተቀየረ፣ ራም የተጨመረበት ቲ430 ሌላ ማሽን ነው። ይህን ሳያደርጉ “አሮጌ ነገር አይረባም” የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ማሽኑን ያለ ጥፋቱ ነው የሚኮንኑት።

ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። የኔው ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና ባለ ሳህን ሀርድ ዲስክ ይዞ ነው የመጣው። መስከረም 2018 ላይ ያገለገለ ገዝቼ፣ ደብረ ብርሃን ባለችኝ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አስቀመጥኩት። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ደንብ፣ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም፣ ሁሉም በሱ ላይ ያልፋል። ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም።

መጀመሪያ የነካሁት ፋኑን ነው። ማሽኑ ሁለት ፋይል ሲከፈትበት ይጮህ፣ ከዚያ ይሞቅ፣ ከዚያ ስታክ ያደርግ ነበር። እንዲህ ሲሆን ብዙው ሰው ወዲያው ፎርማት ያስደርጋል። የሙቀት ችግር ግን በፎርማት አይለቅም። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እኛ ደግሞ ቫይረስ ይመስለናል። ባትሪውን አውጥቼ፣ ከታች ያሉትን ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ ፈትቼ፣ ኪቦርዱንና የመዳፍ ማረፊያውን አነሣሁ። ፋኑ ንጹሕ ነበር። ችግሩ ከፋኑ ቀጥሎ ባሉት ቀጫጭን የመዳብ ክንፎች ላይ ነው፦ አቧራው ተጠቅጥቆ የመንዝ ባና መስሏል። በወረንጦ ይዤ ስስበው እንደ አንድ ቁራጭ ሆኖ ወጣ። ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው የቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ይፈረፈራል። በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ አዲስ ጠብታ አደረግኩበትና የፋኑን ብሎኖች በተራ በተራ፣ በሰያፍ አጠበቅኩ። በአንድ ጎን ብቻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፕሮሰሰሩን ያለ እኩል ይጫነዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ፋኑ መኖሩን የምሰማው ትልቅ ፋይል ስሠራ ብቻ ነው።

በኛ አገር ይህ ጽዳት ቢያንስ በዓመት አንዴ መደረግ አለበት ባይ ነኝ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ አንድ ፋን ሲዞር የሚያስወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። “ብርድ አገር ስለሆነ ኮምፒውተር አይሞቅም” የሚለውን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ግን ብርዱ ከሚረዳው ላይ የአየሩ መሳሳት መልሶ ይወስዳል። በዚያ ላይ በብርዱ ምክንያት ቤት ውስጥ ከሰል እናነዳለን። አመዱና ጥላሸቱ በፋኑ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል።

የከፍታው ነገር ሀርድ ዲስክ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ባለ ሳህኑ ሀርድ ዲስክ የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠር ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው። አብዛኞቹ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ናት፤ የመንዟ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ወሰኑ ላይ ናት። ለመንዝ ደንበኞቼ ሁሉ “ሌላውን ተዉት፣ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙ” የምለው ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ከፍታም ሆነ የታርማበር መንገድ ንቅናቄ አያሳስበውም። ቲ430 ላይ መቀየሩም ቀላል ነው፦ አንድ ብሎን ፈትቶ ክዳኑን ማንሣት፣ አሮጌውን ስቦ ማውጣት፣ አዲሱን መክተት። ራሙን ወደ 8 ጊጋ ስጨምርለት ነገሩ አለቀ። እስከ 16 ጊጋ ይቀበላል፤ ለኔ ሥራ ግን 8ቱ በቂ ነው።

ወደ ዊንዶውስ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ይህ ማሽን ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 7 ከቆመ ቆይቷል፤ ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። ዛሬም በከተማችን በዊንዶውስ 7 የሰው የባንክ ሂሳብ የሚከፍቱ ቤቶች አሉ፤ ይህ ከልቤ ያሳስበኛል። የደኅንነት አፕዴት የማያገኝ ሲስተም ላይ የደንበኛ የይለፍ ቃል መጻፍ የለበትም።

እኔ ኤስኤስዲውን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል ዊንዶውስ 10 አለ፤ ኢንተርኔት አይነካውም፤ የፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) እና የስካነር ሥራ ብቻ ይሠራበታል። በሌላው በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት 22 አለ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 አፕዴት ያገኛል። ኢንተርኔት ሁሉ በዚህኛው ነው። አማርኛ መጻፍ አላስቸገረኝም፤ አይባስ በሚባለው የኪቦርድ ማስገቢያ ላይ አማርኛን መርጦ በድምፁ መጻፍ ነው። ሌዘር ፕሪንተሬም ተጨማሪ ፕለጊን ካወረድኩለት በኋላ ያለ ችግር ያትማል። ስካነሬ ግን በሊኑክስ እሺ አላለኝም፤ ዊንዶውሱን እስካሁን ያቆየሁበት ምክንያት ግማሹ እሱ ነው።

ሊኑክሱ በጣም የጠቀመኝ በደንበኞች ፍላሽ ነው። ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የሚመጣበትን ፍላሽ የጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቫይረሱ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀውና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሾርትከቱን ስትነኩ ቫይረሱ ራሱን ያስነሣል። ሊኑክስ ያንን የዊንዶውስ መደበቂያ ምልክት አይከተልም፤ ሾርትከቱም እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ፍላሹ ሲከፈት የተደበቀው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። አንዳንዴ ስም የሌለው በሚመስል ፎልደር ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። ፋይሉን ወደ ማሽኑ ገልብጬ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጌ እመልስላቸዋለሁ። የመመረቂያ ጽሑፏ ጠፋ ብላ እያለቀሰች የመጣች ተማሪ ፋይሏን በዓይኗ አይታ ስትረጋጋ ማየት ከማንኛውም ፍጥነት ይበልጥብኛል።

ሌላው ጉዳይ የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። አንድ አባት የእድራቸውን ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡና “ልጄ፣ ጽሑፉ ፈረንጅኛ ሆኖብኛል፤ ይቺን ደንብ ያጸደቅነው እኛው ነን፣ ማን ለወጠው?” አሉኝ። “አባባ፣ ማንም አልነካውም” ብዬ አስቀመጥኳቸው። ደንቡ የተጻፈው በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቁጥር ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ማሽኖች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙ ቢሮ በአሮጌው መንገድ ሲጽፍ ኖሯል። ፎንቱን ዊንዶውሱ ላይ ጫንኩና ደንቡ ከነማኅተም ቦታው ተመለሰ። በፒዲኤፍ አስቀምጬ፣ ከዚያም በዩኒኮድ እንደገና ጻፍኩላቸው። አሮጌ ማሽን የምታስወግዱ ቢሮዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ ፎንቶቹን ሳትገለብጡ ፎርማት አታድርጉ።

ሁለት ሲስተም ለሚጭን ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ በትክክል ሦስት ሰዓት ይዛባል። ባትሪ አይደለም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ እኛ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሊኑክሱን የአገር ውስጥ ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይበቃል። ማሽኑ ሲነሣ 0271 የሚል ቁጥር አሳይቶ ቀን አስተካክሉ ካለ ግን ያ በእርግጥ የቦርዱ ትንሿ ባትሪ ናት። ቀኑ ወደ ኋላ የሄደ ማሽን ድረ ገጾችን ሁሉ “አስተማማኝ አይደለም” ይላል፤ ሰውም ኢንተርኔቱ ተበላሸ ይላል።

ትልቁ ባትሪ የእርጅናው ምልክት የሚታይበት ቦታ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው መብራት ሲጠፋ ሰነድ አስቀምጬ ለማጥፋት ያህል ብቻ ነበር የሚቆየው፤ በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ከዚያም አነሰ። ቀየርኩት። በዚህ ሞዴል ኦሪጅናል ያልሆኑ ባትሪዎችን ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) አልሞላም ሊል ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሰክታችሁ መሙላቱን እዩ። ባትሪው እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ማዘዝ ዕድሜውን ያረዝማል፤ መብራት በሚበዛበት ሰሞን እንደዚያ አደርጋለሁ፤ በሚመላለስበት ሰሞን ግን እስከ መቶ አስሞላዋለሁ። መብራት ሲመለስ ወዲያው አልሰካም፤ እስኪረጋ ጥቂት እጠብቃለሁ። በብርድ ያደረ ማሽን ሞቅ ወዳለ ቤት ሲገባም እንዲሁ ነው፤ እርጥበት ስለሚያወጣ ሳይበራ ትንሽ ይቆይ።

ስክሪኑን አልወደድኩትም። 1366 በ768 የሆነው ዓይነት ነው፤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይጠፋል፤ ለፎቶ ሥራ አይሆንም። 1600 በ900 የሆነውን ካገኛችሁ ጥቂት ጨምሩና እሱን ውሰዱ። ክብደቱም ለተሸካሚ ሰው አይመችም። ኪቦርዱ ግን እስካሁን ከጻፍኩባቸው ሁሉ ይበልጣል።

ልትገዙ ስትሄዱ ማሽኑን አስነሡና ኤፍ1ን ተጭናችሁ ወደ ባዮስ ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፤ በዚህ ማሽን ላይ ያ ቁልፍ ትንሿን ባትሪ በማውጣት አይፈታም፤ በይፋ ያለው መፍትሔ ቦርዱን መቀየር ነው። ቀጥሎ ፋኑን ስሙ፣ ቻርጀሩን እየነቀነቃችሁ መሙላቱን እዩ፣ ማጠፊያውን ከፈት ዘጋ አድርጉ። ሻጩ ይህን ሁሉ አታድርጉ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።