«ቀላል የእግር ጉዞ በዶርዜ መንደር» እየተባለ ስለሚሸጠው ጉዞ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንብቡት

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ አርባ ምንጭ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ «ከዚያም አንድ ቀን ዶርዜ ወጥተን መንደሩን በእግራችን እናያለን» ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ጽሁፍ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንብቡልኝ። እኛ የነቃነው ከከፈልን በኋላ ነው። ለሦስት ሰው 14,400 ብር ከፍለን ያገኘነው የመኪና ጉዞ፣ የአንድ ግቢ ጉብኝትና ረጅም የሻርፕ ሽያጭ ነው።

ማስታወቂያቸው በስልኬ ላይ አለ፤ ቃሉን ሳልለውጥ ልጥቀሰው፦ «ለማንኛውም ዕድሜ የሚሆን ቀላል የእግር ጉዞ በተራራማው የዶርዜ መንደር። ከአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ ጋር ሦስት ሰዓት በእግር፣ ታሪክ፣ ሽመና፣ የገበያ ቀን እና ሙሉ የባህል ምሳ። ወጪው በሙሉ ተካቷል።» ከዚህ ውስጥ እውነት ሆኖ ያገኘሁት «ተራራማው» የሚለውን ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ እንድትረዱ ስለ እናቴ ትንሽ ልንገራችሁ። 68 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በእንዝርት ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ፈትሉንም የምትሰጠው ለአንድ ለሰፈራችን የዶርዜ ሸማኔ ነው። የሠርጌ ቀሚስ፣ የልጄ የክርስትና ነጠላ፣ አባቴ እስኪሞት ድረስ የለበሰው ጋቢ ከዚያ ሰው እጅ የወጡ ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሸማኔው መወርወሪያውን ሰቅሎ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ሲመለስ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ያመጣልናል። እናቴ ዶርዜን በዚያ ቅጠል ሽታ ነው የምታውቀው። «አንድ ቀን አገርህን አያለሁ» ስትለው ነው የኖረችው። ጉዞውን የገዛሁት ለእሷ ነው።

ስልክ ደውዬ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት አትችልም» ብዬ። «ምንም አያስቡ፣ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ከእርሳቸው የሚበልጡ እናቶችም ወስደናል» አሉኝ። የቀሩት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ስለሆኑ ሙሉውን ክፍያ በዚያው ቀን እንዳስገባ አጣደፉኝ። አስገባሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «አርባ ምንጭ ሲደርሱ» ተባልኩ። አርባ ምንጭ ደረስን፤ ደረሰኙ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆቴላችን በር ላይ እንጠብቃችኋለን ያሉት ሰዎች 3 ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። መኪናው ውስጥ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች አሉ። «የአካባቢው ተወላጅ» የተባለው አስጎብኚ እንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ የጋሞኛ ሰላምታ እንኳን አያውቅም። በወጣቱ አልፈርድም፤ እንጀራ ሆኖበት ነው። የላኩት ግን ያውቁ ነበር።

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ያለው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ከቆላው ከ1,300 ሜትር ግድም ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ያወጣል። ከዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ዞር ቢሉ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅና ሰማያዊው ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው፣ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው መሬት ይታያል። እናቴ «ልጄ፣ እዚህ ትንሽ አቁሙልን» ብትል «እማማ፣ ረፍዶብናል» አሏት። ያረፈዱት እነሱ ናቸው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ መንገድ ዳር የሚጨፍሩ ልጆች ጋ ግን ቆሙ፤ ተሳፋሪው ፎቶ እንዲያነሣና ለልጆቹ ብር እንዲሰጥ ተነገረው። ትምህርት ቤት መዋል የነበረባቸው ልጆች ናቸው።

ዶርዜ ስንደርስ በቀጥታ አንድ ግቢ አስገቡን። በሩ ላይ እንደገና የመግቢያ ክፍያ ተጠየቅን። «ሁሉም ተካቷል» የሚለውን ማስታወቂያ ባሳየው አስጎብኚው «የተካተተው ትራንስፖርቱ ነው» አለኝ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች እየከፈሉ ሲያልፉ እናቴ «ተዪው፣ በሰው አገር አትጨቃጨቂ» አለችኝና ከፈልኩ። ግቢው ውስጥ አንድ የዶርዜ ቤት፣ አንድ የሽመና መደብና ረጅም የሻርፕ መሸጫ አለ። ቤቱን በሩ ላይ ቆመን አየነው። ታሪክ የተባለው «ድሮ እዚህ ዝሆን ነበረ፣ ቤቱም ዝሆን ይመስላል» የሚል ብቻ ነው። ቀጥሎ «ቆጮ ከሙዝ ግንድ ይሠራል» አለ። እንሰትና ሙዝ በመልክ ይቀራረቡ እንጂ አንድ ተክል አይደሉም፤ ቆጮ የሚወጣው ከእንሰት ግንድና ሥር ነው። አሁንም ዝም አልን። «እዚህ አገር የሚሸምኑት ሴቶቹ ናቸው» ሲል ግን እናቴ አልቻለችም። «ልጄ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ሸማኔዎቹ ወንዶቹ ናቸው። እኔ 30 ዓመት ለዶርዜ ሸማኔ ፈትያለሁ» አለችው። መደቡ ላይ ተቀምጦ የሚሸምነው ሰውዬ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን የተረፈኝ መልካም ትዝታ ያ ብቻ ነው።

«ሙሉ የባህል ምሳ» የተባለውን ልንገራችሁ። መዳፍ የምታህል ቁራሽ ቆጮ፣ በትንሽ ሲኒ ማርና ዳጣ፣ ከዚያም መለኪያ አረቄ። አስተናጋጆቹን አልወቅስም፤ ቆጮው ትኩስና ጣፋጭ ነበር። በኋላ እንዳጣራሁት ድርጅቱ ለግቢው የከፈለው ለቅምሻ እንጂ ለምሳ አልነበረም። እናቴ ሁለተኛ ቁራሽ ስትጠይቅ «ተጨማሪ ይከፈልበታል» ተባለ። ሻርፕ መሸጫው ጋ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አቆዩን።

የእግር ጉዞውስ? ከ7 ሰዓት በኋላ ነው የተጀመረው፤ ወደ ፏፏቴ የሚወርድ ቁልቁለት። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ሳሙና ሆኗል። አሥር እርምጃ ያህል ሄደን እናቴ ጉልበቷን ይዛ ቆመች። «መንገዱ ሜዳ ነው ብላችሁኝ አልነበረም ወይ?» ስለው «እማማ መኪና ውስጥ ቢጠብቁ ይሻላል» አለ። ባለቤቴ እየተንሸራተተ ከቡድኑ ጋር ወረደ። እናቴና እኔ መስኮቱ ጉም በለበሰ መኪና ውስጥ ተቀመጥን፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ያለመችውን አገር እያየች ሳይሆን መኪና ውስጥ ተቆልፋ ዋለች። ይህን ስጽፍ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

የተሸጠልን ነገር እዚያ ቢጠፋ ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ። ግን አለ። በማግስቱ ሐሙስ በራሳችን ኮንትራት መኪና ይዘን ተመለስን። መንደሩ መግቢያ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ የአካባቢው ልጅ አገኘን፤ ዋጋውን በግልጽ ተስማማን፣ የእናቴን ጉልበት ነገርኩት። ቁልቁለቱን ትቶ በእንሰት ማሳዎችና በተጠላለፉ የቀርከሃ አጥሮች መካከል በሚያልፈው ለጥ ያለ መንገድ ወሰደን። በየሃምሳ እርምጃው ማረፊያ እየፈለገላት፣ ያገኘነውን ሁሉ በጋሞኛ ሰላም እያለ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጓዝን። እናቴ አንዴም አልተማረረችም።

በዚያ ቀን ያወቅነውን ልንገራችሁ፤ ገንዘብ ከፍላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይታታል፤ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አጭር ቤት ያያችሁ እንደሆነ ዕድሜ ጠገብ ነው። አስፈላጊ ሲሆን ብዙ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ውስጡ ምድጃ አለ፣ በአንድ ወገን ከብቶቹ ያድራሉ፤ ሙቀታቸው በዚያ ብርድ ለሰውም ይተርፋል። እናቴ አንዲት እናት ቤት ገብታ እሳት ዳር ተቀመጠች። ሴትየዋ የእንሰቱን ግንድ እንዴት በቀርከሃ እንደምትፍቅ፣ የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት እንዴት እንደሚብላላ፣ በመጨረሻም በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ እንዴት እንደሚጋገር አሳየቻት። እናቴ እንዝርቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከሴትየዋ ባዘቶ ተቀበለችና አብረው ፈተሉ። ቋንቋ አልተግባቡም፤ ግን ልጁ ማስተርጎሙን ትቶ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር።

ታሪኩንም ሰማን። ጨንቻ ዋና ከተማነቱ ወደ አርባ ምንጭ ከመዛወሩ በፊት የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬ በፖም የምትታወቀው ያቺው ጨንቻ ማለት ነው። የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳይ የሚያዩበትን ዱቡሻ የሚባለውን ሜዳ አየን። ልጁ እዚያ ላይ ቆሞ የመስከረም 2011 ዓ.ም.ን ነገር አነሣ። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩና መለሷቸው። ያን ጊዜ ሁላችንም ምስሉን አይተናል። ሥርዓቱ በሚፈጸምበት አገር ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ነው በረቡዑ ጉዞ «ዝሆን ይመስላል» ተብለን የተሸኘነው።

ደግሞም ገበያው! የዶርዜ የገበያ ቀን ሰኞና ሐሙስ ነው፤ የጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ። «የገበያ ቀን ተካቷል» ብለው ገንዘብ የተቀበሉን ሰዎች ረቡዕ ቀን ወሰዱን። ሐሙስ ግን ሜዳው በሰው ተሞልቶ፣ ጥጥ፣ ቡሉኮ፣ ቅቤ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የሸክላ ዕቃ ተዘርግቶ አገኘነው። ለሦስታችን ከመኪናው፣ ከልጁ ክፍያና ከጠገብንበት ምሳ ጋር ያወጣነው ለድርጅቱ ከከፈልነው ከግማሽ በታች ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለድርጅቱ ጻፍኩ። መልሳቸው «መንደሩን አይታችኋል፣ ምግቡንም ቀምሳችኋል፣ ስለዚህ አገልግሎቱ ተሰጥቷል» የሚል ነው። አጥብቄ ስይዛቸው ጥሩ አስተያየት ከጻፍኩላቸው ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ ነገሩኝ። ያን ጊዜ በገጻቸው ላይ ስላየኋቸው የምስጋና ቃላት ማሰብ ጀመርኩ፤ እናንተም ስታነቡ አስቡበት። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ማስታወቂያውን፣ የባንክ ማስገቢያውንና የመልእክት ልውውጡን አያይዤ አቤቱታዬን አዘጋጅቻለሁ። ከዚያው ጉዞ የነበሩ ሁለት ቤተሰቦችም አብረውኝ ይፈርማሉ።

ስለዚህ እባካችሁ ማንም ይሁን ሻጩ፣ ክፍያው ሳይፈጸም እነዚህን በጽሁፍ አስመልሱ። በየትኛው ቀን ነው የምንሄደው፣ ገበያ አለ ወይስ የለም? አስጎብኚው የት ነው የተወለደው፣ የአካባቢው መታወቂያ አለው? ስንት ደቂቃ በእግር እንሄዳለን፣ ስንቱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ አንድ ሰው ባይችል አማራጩ ምንድን ነው? ምሳው ምን ምን ይዟል፣ የመግቢያውንስ ማን ይከፍላል? ስንት ሰው በአንድ መኪና? «ሁሉም ተካቷል» የሚለውን ቃል እንደ መልስ አትቀበሉ፤ አንድ በአንድ ይዘርዝሩት። ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትላኩ። ደረሰኝ የማይሰጥ ድርጅት ገንዘብም አይመልስም።

ዶርዜን ግን አትተዉት። መንደሩ የበደለን ነገር የለም፤ በስሙ የነገዱት ናቸው የበደሉን። ሰኞ ወይም ሐሙስ በጊዜ ውጡ፣ ዝናብ ካለ ጫማችሁ የማይንሸራተት ይሁን፣ ለእናቶች ጋቢ ያዙ፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ላይገለጥ ይችላል።