ከመሪ ስር የምትሰካዋ ኮድ ማንበቢያ፦ ከወራት በኋላ ያየሁት

ይህችን ትንሽ የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ የገዛሁት መካኒክ ማመን ስላቃተኝ ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አንብባ ስልኬ ላይ ባለ አፕ ታሳየኛለች። መኪናዬ በፈረንጆቹ 2008 የተሠራች ያሪስ ናት። ቼክ ኢንጂን በየጊዜው ይበራል፣ በሄድኩበት ጋራዥ ሁሉ ደግሞ ሌላ በሽታ ይነገረኛል። አንዱ ካንዴላ ይላል፣ አንዱ የነዳጅ ፓምፕ፣ ሌላው ኮፈኖውን እንኳን ሳይከፍት «ኖዝል ነው፣ አራቱም ይቀየር» ይላል። ማስረጃ የሚያሳየኝ ግን አጣሁ።

ዕቃዋ ኢኤልኤም 327 በሚባለው ቺፕ ስም የምትጠራው ዓይነት ናት። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኮፒ ነው። የስሪት ቁጥሩ «1.5» የሚል ከተጻፈበት ኮፒ መሆኑን እወቁት፣ የቺፑ ባለቤት የነበረው የካናዳ ኩባንያ 1.5 የሚባል ስሪት አውጥቶ አያውቅም። የእኔም ኮፒ ናት፣ ለመሠረታዊ ሥራ ግን በቅታኛለች። አይፎን የያዛችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ብዙዎቹ የብሉቱዝ ዓይነቶች ለአንድሮይድ ብቻ ነው የሚሠሩት።

ጥቅሟን የተረዳሁት መኪናዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነው። ፒ0301 አወጣች፤ አንደኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። ኮዱ ግን የቱ ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ካንዴላ፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ወይም ኖዝል (ነዳጅ የሚረጨው) ሊሆን ይችላል። አንዱ ጋራዥ ኮዱን ሳሳያቸው ወዲያው ወደ ኖዝል ግዢ ገቡ። ሌላ ቦታ ያገኘሁት ልጅ ግን የአንደኛውንና የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል አቀያየረ፣ ኮዱን አጠፋ፣ ከዚያ ትንሽ ነዳናት። ኮዱ ፒ0302 ሆኖ ተመለሰ! ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። ከሶማሌ ተራ አንድ ኮይል ብቻ ተገዝቶ ገባ፣ መንቀጥቀጡም ቆመ። ደንበኛው የሆንኩት ያን ቀን ነው።

ሌላ ጊዜ ፒ0420 መጣ፤ ካታላይዘሩ፣ ማለትም የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው የጭስ ማውጫ ክፍል፣ በደንብ እየሠራ አይመስልም የሚል ኮድ ነው። «እህቴ፣ ካታላይዘሩ ሞቷል፣ ቆርጠን እናውጣልሽ፣ ለእጅ አታስቢ» ተባልኩ። ይሄ በጣም አናዶኛል። ካታላይዘር ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፣ አሮጌውም ገንዘብ ያወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው አመስግኖ አስረክቦ ይሄዳል። ያ ኮድ እኮ ጭስ ማውጫው ሲያፈስ ወይም የኦክስጅን ሴንሰር ሲደክምም ሊመጣ ይችላል። ልጁ ሲያየው መጋጠሚያው ያፈስ ነበር፤ ጋስኬት ተቀየረ፣ አለቀ።

አፑ ላይ ብዙ ሰው የማይከፍተው አንድ ገጽ አለ። ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል መኪናዋ የራሷን ፍተሻ እንደገና ትጀምራለች፣ ጉዞ አድርጋ እስክትጨርስ ድረስም «አልተጠናቀቀም» ይላል። ከጋራዥ ስወጣ መብራቱ ጠፋ ብዬ አላምንም፤ ፍተሻዎቹ ተጠናቀው መብራቱ ካልተመለሰ ነው ተሠራ የምለው። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ስትሄዱም ቅድሚያ ይህን እዩ። ሁሉም «አልተጠናቀቀም» ካለ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል፣ ባለቤቱን ጠይቁት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና እየተዟዟረ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ይህች ገጽ ብቻዋን የዕቃዋን ዋጋ ታወጣለች ባይ ነኝ።

ቮልቴጅም ታሳያለች። ኤሌክትሪሽያን «ዲናሞ ይቀየር» ሲለኝ ሞተሩ እየሠራ 14 ቮልት ገደማ ነበር፣ ስለዚህ ባትሪውን አስፈተሽኩ፤ የደከመው እሱ ነበር።

ጉድለቷ? የኤቢኤስና የኤርባግ ኮድ አታነብም። አንዳንዴ ግንኙነቷ ይቋረጣል። ተሰክታ ካደረች ባትሪ ትጠባለች፣ ስለዚህ ንቀሏት። የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የዘይት ጥራት፣ እነዚህን ጭራሽ አታውቃቸውም። ለእነሱ አሁንም የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ በእጄ ካልያዝኩ ሂሳብ አልከፍልም።