በገና ሰሞን ከዋሽንግተን ደብረ ብርሃን፦ ስለ ቲኬት፣ ስለ መቀመጫና ስለ መድረሻ ሰዓት

ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ ገናን ለማክበር ከሜሪላንድ ለመሄድ ሳስብ ቲኬት መፈለግ የጀመርኩት መስከረም ሳያልቅ ነበር። ከዋሽንግተኑ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ድረስ በቀጥታ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፣ የቱርክ አየር መንገድ በኢስታንቡል፣ ሉፍታንዛ በፍራንክፈርት፣ ኤምሬትስ በዱባይ፣ ኳታር ደግሞ በዶሃ በኩል መንገደኛውን እያዘዋወሩ ያደርሳሉ። ይህን ያህል ተፎካካሪ ባለበት መስመር የበዓል ዋጋ ለምን እንደማይቀንስ ወገኖቻችን ቡና ላይ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔም አማርሬያለሁ። ነገር ግን ከዳላስ ተነሥቶ ዱባይ ወይም ዶሃ ከሚገባው ሙሉ አውሮፕላን ውስጥ ለአዲስ አበባ የሚሳፈረው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው ወደ ሕንድ፣ ወደ ፓኪስታንና ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ይበተናል፤ እነርሱም በዚያው ወቅት ልክ እንደ እኛ አገር ቤት ለመግባት ይሻማሉ። በዝርዝሩ ላይ አምስት ስም ቢታይም ለእኛ የሚተርፈው መቀመጫ የዚያን ያህል አይደለም።

ኢኮኖሚ የሚባለው ክፍል ራሱ በፊደል በተለዩ የዋጋ ደረጃዎች ተከፋፍሎ ይሸጣል፤ ርካሹ ደረጃ ሲያልቅ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እጅግ የተራራቀ ዋጋ ከፍለው ሊገኙ ይችላሉ። እዚህ ላይ የአውሮፕላኑ ዓይነት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787-8 የሚይዘው 270 መንገደኛ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረከበው ኤርባስ ኤ350-1000 ግን 395 ይይዛል። በአንድ በረራ ላይ ትንሹ በትልቁ ቢተካ 125 መቀመጫ ይጨመራል፤ ያን ጊዜ ተዘግቶ የነበረው ርካሽ ደረጃ እንደገና ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመቀመጫ ካርታውን ጭምር ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል።

የቀን አቆጣጠራችንም የራሱ ጥቅም አለው። የፈረንጆቹ ገና ከእኛ በ13 ቀን ይቀድማል፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉትም በእነርሱ በዓል ሰሞን ነው። ልጅ ያለው ቤተሰብ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ይሄድና ብዙ ጊዜ የእኛ ገና ሳይደርስ ይመለሳል። በመሆኑም ከፈረንጅ ገና ማግስት ጀምሮ ወደ አገር ቤት የሚወስደው በረራ ይቀልላል፤ የሚጨናነቀው መመለሻው ነው። እንደ እኔ ልጆቹ ያደጉለት ሰው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቢነሣ፣ ለታኅሣሥ 29 ደርሶ ከጥምቀት በኋላ ቢመለስ ይሻለዋል።

ዘንድሮ ይህን ሁሉ እያወቅሁ የተሳሳትኩት በሰዓቱ ላይ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው፣ በሌላ አገር የሚያዘዋውር አየር መንገድ ከቀጥታው በረራ በ380 ዶላር ረከሰልኝና ገዛሁ። ምግቡም መስተንግዶውም ደህና ነበር። ቦሌ የወረድኩት ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሲሆን ከሁለቱ ሻንጣዎቼ አንዱ አልመጣም። የእናቴ የደም ግፊት መለኪያና የእህቴ ልጆች ጫማ በዚያ ውስጥ ነበር። ስደውልላት እናቴ ስለ ሻንጣው አንድም ቃል አልተናገረችም፤ «ልጄ፣ በሌሊት መንገድ እንዳትወጣ፤ እዚያው እደር» ብቻ አለችኝ። የሆቴልና የታክሲ ከፍዬ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቄ በሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ 130 ኪሎ ሜትሩን በሰላም ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣው መጥቷልና ራስህ ቀርበህ ተረከብ ተባልኩ፤ የበዓሉ ዋዜማ ደርሶ መኪናው ሁሉ ወደ ሰሜን ሲጎርፍ እኔ ወደ አዲስ አበባ ወርጄ ተመለስኩ። ከ380 ዶላሩ በእጄ የቀረው የሚወራለት አልነበረም፤ አንድ ሙሉ ቀንም ከእናቴ ጎን ጠፋሁ።

አምና በቀጥታው በረራ ከዳላስ ረፋድ ላይ ተነሥቼ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ በርሬ፣ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ስወርድ ምሳዬን ደብረ ብርሃን ነበር የበላሁት። አዲስ አበባ ለሚቀር ሰው ሌሊት መግባት ችግር ላይሆን ይችላል። ለደብረ ብርሃን፣ ይልቁንም ከዚያ አልፎ ለመንዝ፣ ለጣርማበር ወይም ለአንኮበር መንገደኛ ግን የመድረሻው ሰዓት የቲኬቱ ዋጋ አካል ነው። በመልሱ ቀጥታ የሚባለውም ለነዳጅ ያርፋል፤ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ይሳሳል፤ ነዳጅና መንገደኛ ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚዘልቅ አውሮፕላን ከዚያ መነሣት ይከብደዋል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ በመሆኑ በዚህ ረገድ ለውጥ ያመጣል ብዬ እጠብቃለሁ።

የቦሌ ኢሚግሬሽን ሰልፍ በቢጫ ካርድ፣ ማለትም በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬ፣ ቶሎ አለፈ፤ ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ስለ ጓዝ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የተፈቀደልኝ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ነበሩ። የመንዝ ባና ብቻውን ግማሽ ሻንጣ ይይዛል፤ በርበሬውና ሽሮው ደግሞ ክብደቱን ይሞላል። በጥምቀት ማግስት ከደብረ ብርሃን በማለዳ ከመነሣቴ በፊት በእጅ ሚዛን ስመዝን አንዱ 26 ኪሎ ሆነ። ከፍቼ ስፈትሽ ከባናው እጥፋት ውስጥ ቋንጣ አገኘሁ፤ ሥጋ አሜሪካ እንደማይገባ ለእናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ነግሬያታለሁ። አወጣሁትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እርሷም ሚዛኑን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ ካየችው በኋላ «ይኼ የፈረንጅ ሚዛን ነው፤ የእኛን ዕቃ ያከብደዋል» አለችና ሽሮውን በትንሽ በትንሹ መቀነስ ጀመረች።