ባሕር ዳር ወይስ አዲስ አበባ? ሁለት የሴካፋ ውድድሮች ከደሴ ሲታዩ

ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ሜዳ በየማለዳው እግር ኳስ የሚለማመድ የ15 ዓመት ጎረቤት አለኝ። የግራ ጫማው አፍንጫ በሲባጎ ታስሯል። "ጋሼ፣ ከሁለቱ የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ ማኅበራት ምክር ቤት) ውድድሮች ለእኔ የሚሻለው የትኛው ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

ከ23 ዓመት በታች ያለው ውድድር በሐምሌ 2013 ባሕር ዳር ላይ ተካሂዶ ታንዛኒያ ቡሩንዲን በመለያ ምት አሸንፋለች። ደማቅ ነበር፤ ግን ዋንጫው ሲነሳ ሁሉም ነገር አበቃ።

በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ያስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች ውድድር ግን የዚያው ዕድሜ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ለፍጻሜ የደረሱት ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ሁለቱም ዋንጫው ወደተካሄደባት አልጄሪያ ሄዱ፤ ዋንጫውን ያነሳችው ሶማሊያ ናት። የዓመታት ጦርነት ያደከማት አገር ልጆች ያን ካደረጉ የወሎ ልጅ ምን ያግደዋል?

እኔ ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በ23 ዓመቱ የሚታይ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ክለብ አለው፤ የሰፈር ልጅ መታየት ያለበት በ15 እና በ16 ዓመቱ ነው። በዚህ ደረጃ የአጥንቱ ዕድገት ዕድሜን ስለሚጠቁም የእጅ አንጓ በኤምአርአይ (የውስጥ አካል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ) ስለሚመረመር ዕድሜ የሚቀንስ ሰው ቦታውን በቀላሉ አይነጥቀውም። ለልጁም ይህንኑ ነገርኩት፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከአሁኑ እንዲያወጣም ጨመርኩለት።