የአንድ ቴሌግራም ዜና ቻናል ሪቪው (ዝርዝሩን ይዘው አልተመለሱም)

ከሁለት ዓመት በላይ ኖቲፊኬሽኑን ከፍቼ የተከታተልኩት ቻናል ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ጭቅጭቅ አልፈልግም፣ ደሞ አብዛኞቹ እንደዛው ናቸው። ጥሩውን ላስቀድም፣ ፈጣን ነው፣ በጣም ፈጣን። መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጨምር ከማንም በፊት ይነግራችኋል፣ በዚህ አይታማም። አንዴ በሱ ምክንያት ሰልፉ ሳይረዝም ቀድቼ ገብቻለሁ።

ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት «ሰበር፦ የእሳት አደጋ» ብሎ አክስቴ ሱቅ ያላትን ሰፈር ጠርቶ ለቀቀ፣ ከስሩ «ዝርዝሩን ይዘን እንመለሳለን»። አክስቴ ስልክ አታነሳም፣ ትራፊክ ውስጥ ቆሜ እሱኑ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ አደርጋለሁ፣ እነሱ በመሀል የአፓርታማ ማስታወቂያ፣ የኳስ ውጤት፣ የቤቲንግ ኮድ። ስደርስ ለካ የቆሻሻ ገንዳ ነው የጨሰው፣ አክስቴ ቡና እያፈላች «ምነው ልጄ ላብ በላብ ሆንክ?» ትለኛለች። ማታ ላይ ፖስቱ ጠፍቷል፣ እርማት የለ ይቅርታ የለ። ዝርዝር ይዘው የተመለሱበትን ቀን እስካሁን አላየሁም።

ጋዜጠኝነት ነበር የተማርኩት (አሁን ማተሚያ ቤት ነው የምሰራው፣ አትጠይቁኝ) እና ለፈተና ብቻ የሸመደድኩት ነገር በዚህ ቻናል ነው የገባኝ። ጋልቱንግና ሩገ የሚባሉ የኖርዌይ ምሁራን በ1965 እ.ኤ.አ. የኮንጎ፣ የኩባና የቆጵሮስ ቀውስ በአራት ጋዜጦች እንዴት እንደተዘገበ አይተው አንድ ነገር ዜና የሚሆንበትን 12 ምክንያት አስቀመጡ። የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው፣ ነገሩ የሚፈጀው ጊዜ ከሚዲያው መውጫ ጊዜ ጋር ከገጠመ ይመረጣል፣ ካልገጠመ ይታለፋል። ምሳሌያቸው ራሱ ግድብ ነው! ግንባታው አይታይም፣ ምርቃቱ ነው ዜና። ህዳሴማ 14 ዓመት ሙሉ ዜና ነበር ትሉ ይሆናል፣ አዎ፣ ግን በምን መልክ? መጋቢት 24 2003 መሰረቱ ተጣለ፣ ከዛ ይሄን ያህል ፐርሰንት ደረሰ፣ የዘንድሮ ሙሌት፣ ተርባይን ጀመረ፣ ጳጉሜን 4 2017 ተመረቀ። ቆራርጠን ቆራርጠን በቀን ልክ አደረስነው (የግብፅ መግለጫም አግዞናል)።

የዚህ ቻናል መውጫ ጊዜ ደግሞ ደቂቃ ነው። ስለዚህ በደቂቃ የሚያልቅ ነገር ብቻ ነው የሚገባው፣ ተሾመ፣ ተገለበጠ፣ ተቃጠለ፣ ጨመረ። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈራችን በበሩም አያልፍም፣ «ሰበር፦ ውሃ ዛሬም አልመጣም» አይባልማ። ሐምሌ 22 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል በየጠዋቱ የየባንኩን ዋጋ ይለጥፍ ነበር፣ ጠቅሞኛል አልክድም፣ ወረቀትና ቀለም ላይ ቀስ እያለ ምን እንዳመጣ ግን የሰማሁት ከአቅራቢዬ ነው።

አድሚኑን ብቻም አልፈርድበትም። በ1950 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ማኒንግ ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የአንድ ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ኤዲተር የጣላቸውን ዜናዎች ለምን እንደጣለ አስጽፎ አጥንቶ ነበር፣ ሰውየው ከአስር ዘጠኙን ይጥላል፣ ብዙውን ጊዜ ቦታ የለም እያለ። ቴሌግራም ላይ ቦታ አያልቅም፣ የሚያልቀው ጊዜ ነው፣ ደውሎ እስኪያጣራ ሌላው ቻናል ይቀድመዋል፣ የቀደመው ሼር ይደረጋል። ሃርከፕና ኦኒል የሚባሉ ምሁራን በ2017 እ.ኤ.አ. የዜና መስፈርቶችን ዝርዝር ሲያድሱ ለሼር መመቸትን አንድ መስፈርት አድርገው አስገብተውታል፣ በቃ ሕግ ሆኗል።

አባቴ የጀርመን ድምፅ አማርኛን (እሱም በ1965 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው) ማታ አንድ ሰዓት ሰምቶ ይተኛል። እራት ላይ «አንተ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ተተክለህ፣ እስቲ ምን ሰማህ?» ይለኛል፣ አንድ ሙሉ ወሬ አይወጣኝም፣ አርዕስት አርዕስቱን ስነግረው «እሺ ከዛስ?» ይላል።

ከ5 ኮከብ 2፣ ሁለቱም ለፍጥነቱ ነው። ሚዩት አድርጌዋለሁ። አልወጣሁም ግን፣ ነዳጅ ሊጨምር ይችላል።